17 ዓመቴ ነው፣ ቆሎ አሽጌ መሸጥ እፈልጋለሁ፤ መነሻውን ከየት ላምጣ?

የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ጉልት ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ገብስ ስለቅምና ምጣድ ዳር ተቀምጬ ሳምስ ነው ያደግኩት ማለት እችላለሁ። የሰሜን ሸዋ ገብስ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ከእናቴ ገዝተው ሲቀምሱ "ይሄ እኮ ታሽጎ ቢሸጥ" ይላሉ፣ እሷ ትስቅና በስኒ ሰፍራ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች። እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ገብስ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ቀላቅዬ በ100 ግራም በ100 ግራም አሽጌ፣ ስም ለጥፌበት፣ ለሱቆች፣ ለቡና ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ማስረከብ። ከዚያ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ኩንታል ገብስ 10,000፣ 15 ኪሎ ሽምብራ 1,800፣ 10 ኪሎ ኦቾሎኒ 2,500፣ የእጅ ማሸጊያ ማሽን 3,200፣ ላስቲክና የሚለጠፈው ወረቀት 2,500። ድምሩ 20,000 ብር። 125 ኪሎ ማለት 1,250 ጥቅል ነው፣ አንዱን በ30 ብር ብሸጠው 37,500 ይሆናል።

በእጄ ያለው 3,400 ብር ነው። ግማሹ ሠፈር ውስጥ ትንንሽ ልጆች አስጠንቼ ያገኘሁት ነው፣ ግማሹ በእንቁጣጣሽ ከጓደኞቼ ጋር አበባየሆሽ ብለን የደረሰኝ ድርሻ። አንድ ባንክ ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ "18 ሲሞላሽ ነይ" ብለው መለሱኝ። ከዚያ አንድ የሠፈራችን ሰው 15,000 ላበድርሽ አለኝ። በየወሩ 1,500 እከፍለዋለሁ፣ ዋናውን ደግሞ ሲመቸኝ እመልሳለሁ። እናቴ ይሄን አልሰማችም። እሷ የምትለው 12ኛን ጨርሺና ከዚያ በኋላ ነው።

ብድሩን ልውሰድ? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ስለ እቁብም፣ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ስለሚሰበሰብበት ነገርም ሰምቻለሁ። የሞከረ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

ባለምጣዷ

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ያንን ሰውዬ ተይው። ዛሬውኑ። በወር 1,500 በ15,000 ላይ ማለት በወር አሥር በመቶ ነው፣ በዓመት 18,000 ከፍለሽ ዋናው 15,000 እንዳለ ይጠብቅሻል። ይሄ አራጣ ነው። አራጣ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ለእናትሽ ዛሬ ማታ ንገሪያት፣ ደብቀሽ የጀመርሽው ብድር ደብቀሽ አይከፈልም።

አሁን ወደ ቆሎው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቆሎ ሳምስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። ሒሳብሽን ሳየው አንድ ትልቅ ነገር ረስተሻል፤ ምጣድ ዳር ያደግሽ ልጅ ሆነሽ መርሳትሽ ገርሞኛል፣ ግን ወረቀት ላይ ሲሆን ሁሉም ሰው ይረሳዋል። 100 ኪሎ ገብስ 100 ኪሎ ቆሎ አይሆንም! ይለቀማል፣ ይነፍሳል፣ ይፈተጋል፣ ገለባው ይወጣል፣ እሳት ላይ ደግሞ ውኃው ይሄዳል። በእኔ እጅ ከ10 ኪሎ ገብስ ጥሩ ሲሆን ሰባት ኪሎ ተኩል ይወጣል። ሽምብራውም ኦቾሎኒውም ትንሽ ትንሽ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የአንቺ 125 ኪሎ ወደ 96 ኪሎ ነው የሚሆነው፣ 960 ጥቅል። ሳትጀምሪ 290 ጥቅል ጠፋብሽ፣ በ30 ብር 8,700። ተበድረሽ ቢሆን ኖሮ ይሄንን የምታውቂው ወለድ መክፈል ከጀመርሽ በኋላ ነበር።

ከሰሉንም አልጻፍሽውም።

እኔ ብሆን በእጄ ባለው 3,400 እጀምራለሁ። 10 ኪሎ ገብስ 1,000፣ 2 ኪሎ ሽምብራ 240፣ 1 ኪሎ ኦቾሎኒ 250፣ ከሰል 250፣ ላስቲክ 300፣ የሚለጠፈው ወረቀት 100። ድምሩ 2,140። 1,260 ብር ይተርፍሻል፣ እሱን አትንኪው፣ የመጀመሪያው ምጣድ ቢያርርብሽ ሁለተኛውን የምታምሺበት ነው። ከዚህ 100 ጥቅል ታወጫለሽ። ራስሽ ሰው እጅ ላይ በ30 ብትሸጪው 860 ታተርፊያለሽ። ለሱቅ በ25 ብታስረክቢ ግን ትርፉ 360 ብቻ ነው፣ የአንቺና የእናትሽ ጉልበት ሳይታሰብ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። ሱቅ ስምሽን ያሳውቅልሻል እንጂ መጀመሪያ ላይ እንጀራ አይሆንሽም። የምትበይው ከደንበኛ እጅ ነው።

ማሸጊያ ማሽኑን ለጊዜው ተይው። ብዙ ሰው በሻማ ነው የሚጀምረው፣ የላስቲኩን አፍ አጥፈሽ ጫፉን እሳቱ አጠገብ በፍጥነት ታሳልፊዋለሽ። መጀመሪያ ባዶ ላስቲክ ላይ ተለማመጂ።

ገብሱን ደግሞ ስትገዢ ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ዓይነት ጠይቂ፣ ቅርፊቱን ቶሎ ስለሚለቅ የመፈተጉን ጉልበት ያቀልልሻል። ኦቾሎኒ ላይ አትሳሺ። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን አንድ በአንድ ልቀሚና ጣዪ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ስለቆላሽው ብቻ ደግሞ አይጠፋም። ቆሎው ሳይቀዘቅዝም አታሽጊ፣ ላብ ያወጣና በሁለት ቀን ይለሰልሳል። ክረምት ላይ በተለይ።

የቲሸርቱ ልጅ

እህቴ፣ እትዬ ባለምጣዷ ያሉትን ሁሉ እደግመዋለሁ፣ እኔ የምጨምረው ስለ ቀብድ ነው። እኔ የጀመርኩት በ16 ዓመቴ ነበር፣ ለክፍል ጓደኞቼ ቲሸርት በማሳተም። ገንዘብ አልነበረኝም፣ ምንም። 40 ልጆች አንዱን በ450 ሊገዙ ተስማሙ፣ ግማሽ ግማሽ 225 ቀብድ ሰበሰብኩ፣ 9,000 ብር በእጄ ገባ። በዚያ ዕድሜዬ ያን ያህል ብር ይዤ አላውቅም ነበር። በደስታ ሙሉውን ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ፣ ናሙና እንኳን ሳላይ። ቲሸርቱ የመጣው ፕሮግራሙ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ሕትመቱም አንዴ ሲታጠብ ይላጣል። 13 ልጆች ገንዘባችንን መልስ አሉኝ፣ ልክ ነበሩ። ከፍዬ የጨረስኩት ክረምቱን ሙሉ ቀለም ቀቢ ጋር እየሠራሁ ነው።

ግን ቀብዱን አልጠላሁትም። እስከ ዛሬ የምሠራው በሱ ነው፣ ደንቡን ብቻ አወቅኩት። ቀብድ ያንቺ ብር አይደለም። ዕቃው እጃቸው እስኪገባ ድረስ የእነሱ ነው፣ አንቺ ጋር የተቀመጠ አደራ ነው። ስለዚህ ሊበላሽ በሚችል ነገር ላይ አንዴ ሙሉውን አታውጪው።

ለአንቺ እንዲህ አየዋለሁ። ትምህርት ቤትሽ ውስጥ አስተማሪዎች አሉ አይደል? በእረፍት ሰዓት ሻይ ቡና ሲሉ ምን ይበላሉ? "የወር ቆሎ" ብለሽ ካርድ ሥሪ። ሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ጥቅል ታደርሻለሽ፣ በወር 8 ጥቅል፣ 240 ብር አስቀድመው ይከፍላሉ። 20 ሰው ካገኘሽ 4,800 ብር ነው፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ። የሚያስፈልግሽ ቆሎ 16 ኪሎ ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን የወር ሳይሆን የሁለት ሳምንት ብቻ ተቀበያቸው፣ ብታቋርጪ የምትመልሽው እንዲያንስ። ካርዱ ላይ ስንት እንደከፈሉ፣ ስንት እንደወሰዱ፣ ካልደረሰ ደግሞ ብራቸው እንደሚመለስ ጻፊበት። እኔ ያልጻፍኩት ይሄንን ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሰው ቆሎ ይፈልጋል፣ ያንን ከአሁኑ አስቢው።

ሌላ፣ የሚለጠፈውን ወረቀት በነጻ ልታገኚው ትችያለሽ። እኔ ከረጢት ላይ ሞክሬው ሠርቷል። ሠፈርሽ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ስልክ ጠጋኝ ሂጂና "ከግርጌው የእርስዎን ስምና ስልክ አወጣለሁ፣ እርስዎ ያትሙልኝ" በዪው። 100 ሰው እጅ የሚገባ ማስታወቂያ ነው፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ማሸጊያ ማሽኑንም ለብቻሽ መግዛት የለብሽም፣ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ ሴቶች ካሉ ተዋጥታችሁ አንድ ግዙ፣ በቀን በቀን ተከፋፈሉት።

ሕግና ሒሳብ

በአጭሩ ልበል። 18 ዓመት እስኪሞላሽ ንግድ ፈቃድ በስምሽ አታወጪም፣ የቴሌብር መላ ዓይነቱ የስልክ ብድርም ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ነው። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብለው የሚነግሩሽ ካሉ፣ በ2009 ዓ.ም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት የተቋቋመው ማለት ነው፣ እሱም ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ነው።

እናትሽ ግን ይችላሉ። አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የነበረው፣ አሁን ጸደይ ባንክ የሆነው፣ የቡድን ዋስትና ብድር ሲሰጥ የኖረ ተቋም ነው፤ ቤት የሌላቸው ሴቶች እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ ነው የሚበደሩት። የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት የሚባልም ነበር፣ ፈቃድ ላላቸው ሴት ነጋዴዎች ሥልጠናና ብድር የሚያመቻች፤ አሁን ይኑር አይኑር ጠይቁ። ለዛሬ አይደለም ይሄ። ስድስት ወር የሽያጭ ደብተር ይዛችሁ ስትሄዱ ግን ቢሮው ውስጥ የሚያናግሯችሁ በሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥቅል ጀምሮ ጻፊ። የገባ፣ የወጣ፣ ቀን። ለሱቅ ማስረከብ ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ከእናትሽ ጋር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለታሸገ ምግብ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ።

ንግድ ባንክ ለታዳጊዎች የሚከፍተው የቁጠባ ሒሳብ አለው፣ ያንን ክፈቺና ቀብዱን እዚያ አስቀምጪው፣ ከኪስሽ ብር ጋር እንዳይደባለቅ።

አራጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ሰውዬውን ለመክሰስ አይደለም የምነግርሽ፣ ምን ዓይነት ሰው ፊት እንደቆምሽ እንድታውቂ ነው።

ዕቃ ለደንበኛ ስትሰጪ ደግሞ በፌስታል አይሁን፣ በ2017 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ከልክሎታል፣ ይዞ የተገኘም ይቀጣል። የወረቀት ከረጢት ተጠቀሚ።

እናትሽ ስለ ትምህርቱ ያሉትንም አትናቂው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ቆሎው ቅዳሜና እሑድ ይሁን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

የኔ ቆንጆ፣ ስለ ኢንተርኔቱ ልንገርሽ። ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ የሚባለው ድረ ገጽ ገንዘብ ተቀባዩ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ አይሠራም፣ ሌላው ኪክስታርተርም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ክፍት አይደለም። እዚህ ያለ ዘመድ በስሙ ከፍቶ ይልክልሽ ይሆናል፣ ያኔ ግን ተጠያቂው እሱ ነው፣ ነገሩም ልመና ይመስላል። አንቺ ደግሞ ለማኝ አይደለሽም፣ ጥሩ ቆሎ ያለሽ ልጅ ነሽ።

እኛ እዚህ ምን እንደምንፈልግ ልንገርሽ? ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ ሻንጣው ሲከፈት ሁላችንም የምናየው በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ነው። ግን እሱ በዓመት አንዴ ነው። ከዚያ በላይ የምንፈልገው እናቶቻችን ጋ በየወሩ የሆነ ነገር እንዲደርስልን ነው። እኔ እናቴ ደብረ ብርሃን አይደለችም፣ አዲስ አበባ ናት። ብር እልክላታለሁ፣ ለሌላ ሰው ታውለዋለች። አንድ ሰው በየወሩ መጀመሪያ ደጇን አንኳኩቶ "ከልጅሽ ነው" ብሎ ቆሎና ቡና ቢሰጣት፣ እኔ የሦስት ወሩን አስቀድሜ እከፍላለሁ። ይሄ ስሜት ያለው እኔ ጋ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆቻቸው አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ያሉ እናቶችን ሠፈርሽ ውስጥ ቁጠሪያቸው፣ ከእናትሽ ጋር ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፣ ልጆቻቸው ይደውሉላችሁ። ስታደርሺ ፎቶ ላኪላቸው፣ እናቲቱ ጥቅሉን ይዛ። ያቺን ፎቶ ለማየት ነው እኛ የምንከፍለው።

የደብረ ብርሃን ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኳት፣ ስለ ሰውዬውም ጭምር። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ "ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?" አለችኝ፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ራሷ ሄዳ "ልጄ አትበደርም" ብላው መጣች።

እትዬ ባለምጣዷ፣ ስለ እቁብ አልነገሩኝም። ጉልት ላይ አሥር ሴቶች በሳምንት 200 ብር የሚጥሉት አለ። እናቴ በእኔ ስም ልግባ ትላለች። ይጠቅመኛል?

ባለምጣዷ

እናትሽን ሳሚልኝ።

እቁቡ ይጠቅማል፣ ግን መቼ እንደሚወጣልሽ አታውቂም። ዕጣው መጀመሪያ ከወጣልሽ ያለ ወለድ ብድር ነው፣ 2,000 ብር ይዘሽ ሄደሽ ዘጠኝ ሳምንት ትከፍያለሽ። መጨረሻ ከወጣልሽ ደግሞ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ለገብስ መግዣ አታስቢው፣ ገብስ አይጠብቅሽም። ማሸጊያ ማሽኑን በሱ አስቢው፣ እሱ አሥር ሳምንት ቢዘገይም በሻማ ትሠሪያለሽ። በጣም ከቸገረሽ ዕጣው የወጣለትን ሰው ለምነሽ ተራ መለዋወጥ ይቻላል፣ ትንሽ ብር ቀንሶ የሚሸጥም አለ፣ ግን ዳኛውና ጸሐፊው ፊት ይሁን። ሳምንታዊው 200 ከየት እንደሚወጣ ሳታውቂ አትግቢ። እናትሽ ናቸው ዋስሽ፣ አንድ ሳምንት ብታጎድዪ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፣ በሚሠሩበት ጉልት ላይ።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ምን እንደደረስኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

14 አስተማሪዎች የሁለት ሳምንት ከፈሉኝ፣ አንዱ 4 ጥቅል 120 ብር፣ በድምሩ 1,680። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር 10 ኪሎ ገብስ አመስን። የወጣው ሰባት ኪሎ ከሩብ ነው፣ ልክ እንዳሉት። ኦቾሎኒውን ስለቅም ያወጣሁትን ለእናቴ ሳሳያት እሷም ገረማት። በሻማ ያሸግኳቸው 11 ጥቅሎች አፋቸው ቀዳዳ ነበረው፣ አስተማሪዎቹ ለስልሷል ብለው ነገሩኝ፣ ሁሉንም በአዲስ ቀየርኩላቸው፣ ካርዱም ላይ ጻፍኩት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ 200 ወረቀት በነጻ አተመልኝ፣ ከግርጌው የሱ ስልክ ቁጥር አለ። እቁቡ ውስጥ ገብተናል፣ ገና አልወጣልንም። ልጇ ቤሩት ያለች አንዲት ጎረቤታችንን እናቴ አነጋግራታለች፣ ልጅቷ እሑድ ትደውልልናለች።

አሁን አንድ ባለ ሱቅ 40 ጥቅል አምጪልኝ፣ ሸጬ እከፍልሻለሁ ይላል። ሁሉንም በዱቤ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ግን ፈራሁ። ምን ልበለው?

ባለምጣዷ

መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ አምስት ስጪው። ሲያልቅ ትጨምሪለታለሽ። ሐሙስ ከትምህርት ስትወጪ በሱቁ በኩል እለፊና መደርደሪያው ላይ የቀረውን ቁጠሪ፣ የጎደለውን ያህል ብሩን ያኔውኑ ተቀበይው፣ ደብተርሽ ላይም ፊቱ ጻፊው።